ወድቆ ያሸነፈ ሁሉ በዳኛ ተደግፎ አይደለም

«የወደቀው እንዴት አሸነፈ? ያኛውን ዳኛ በላው እኮ!»

የፊገር ስኬቲንግ (በመንሸራተቻ ጫማ በረዶ ላይ እየዘለሉ የሚወዳደሩበት ስፖርት) የዓለም ሻምፒዮና ባለቀ ማግስት ይህ መልእክት ስልኬ ላይ ይደረደራል። ልጄ በምትሠለጥንበት ክለብ ውድድር ሲኖር ነጥብ መዝገብ ላይ ስለማግዝ፣ ዘመድ ወዳጁ መልሱን ከእኔ ይጠብቃል። ጥያቄው አያስከፋኝም። የሚያናድደኝ መልሱን ሳይሰሙ «ሌብነት ነው» ብለው መዝጋታቸው ነው።

መውደቅ ከውድድር አያስወጣም፤ ነጥብ ያስቀንሳል። ስንት? እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚስተው። እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው። በ2018 በወጣው ሰንጠረዥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ኳድ ሉትዝ፣ ማለትም አየር ላይ አራት ጊዜ የሚዞሩበት ዝላይ፣ 11.50 ነጥብ ነው። ዳኞች በዚያ ላይ ከ5 ቅናሽ እስከ 5 ጭማሪ የጥራት ደረጃ ይሰጣሉ። አንዷ ደረጃ የመነሻውን 10 በመቶ ታክላለች ወይም ትወስዳለች።

እስቲ አብረን እናስላው። አራቱን ዙር ጨርሶ የወደቀ ሰው የመጨረሻውን ቅናሽ ያገኛል። ግማሹ ሄደ፤ 5.75 ቀረው። የመውደቅ ቅጣት 1 ነጥብ ሲነሳ 4.75። አሁን ደግሞ ትሪፕል ቶሉፕ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚዞሩበት ቀለል ያለ ዝላይ፣ ዘሎ፣ ሳይወድቅ፣ ያለ ጭማሪም ያለ ቅናሽም ያረፈውን እዩት። ያገኘው 4.20 ነው። የወደቀው በለጠው!

ፍትሐዊ ነው? በእኔ እምነት አዎ። ከባዱን የደፈረ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። ደግሞ ቅጣቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያው ዝላይ ግማሽ ዙር ከጎደለው እንደ ትሪፕል ይቆጠርና መነሻው 5.90 ይሆናል። ከወደቀበት በኋላ የሚተርፈው 1.95 ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ሁለቱም አወዳደቅ አንድ ይመስላል። ነጥቡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በዚያ ላይ መውደቅ የአጠቃላይ አቀራረብ ነጥብንም፣ ማለትም ከዝላዮቹ ውጭ ለሙሉ ትርኢቱ የሚሰጠውን፣ ይነካል።

ሁልጊዜ «ማስረጃ» ተብሎ የሚቀርብልኝ የ2013ቱ ሻምፒዮና ነው፤ በካናዳዋ ለንደን፣ ኦንታሪዮ የተካሄደው። ተወዳዳሪ መጀመሪያ አጭር፣ ከዚያ ረጅም ፕሮግራም ያቀርባል፤ የሁለቱ ድምር ነው የሚወስነው። ካናዳዊው ፓትሪክ ቻን በረጅሙ ፕሮግራም ሁለቴ ወድቆ ወርቅ ወሰደ። የካዛክስታኑ ዴኒስ ተን በዚያው ፕሮግራም በልጦት ብር ይዞ ተመለሰ። ቻን ያሸነፈው ደግሞ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት! ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ቁጥሩን እዩት። ቻን በአጭሩ ፕሮግራም 98.37፣ ተን 91.56 አግኝተዋል። ልዩነቱ 6.81። በረጅሙ ተን 174.92፣ ቻን 169.41። ተን ልዩነቱን በ5.51 አጠበበ፤ 1.30 ጎደለው። ወርቁ የተወሰነው ሰው እንደ መግቢያ በሚያየው በአጭሩ ፕሮግራም ነው። «የቻን የአቀራረብ ነጥብ በዝቷል» የሚል ካለ ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ እሱ ክርክር ነው። «ስለወደቀ ማሸነፍ አልነበረበትም» ግን ክርክር አይደለም፤ ደንቡን አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ከመናደዳችሁ በፊት የነጥብ ወረቀቱን ክፈቱ። የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ኅብረት ለየውድድሩ ያወጣዋል። ዝላዮቹ በየተራ ተዘርዝረዋል፤ መነሻው፣ የየዳኛው ደረጃ፣ የተቀነሰው ሁሉ አለ። ከዝላዩ ጎን < ካያችሁ ዙር ጎድሏል፤ << ካያችሁ ዝላዩ አንድ ዙር ዝቅ ተደርጎ ተቆጥሯል። መጀመሪያ የዝላዮቹን መነሻ ዋጋ አወዳድሩ፣ ከዚያ ደረጃውን፣ መጨረሻ ላይ የአቀራረብ ነጥቡን። አብዛኛው «ተሰረቀ» የሚባለው ውጤት እዚያው ወረቀት ላይ ይፈታል።

የሚደርሱኝን ሌሎች አባባሎች ደግሞ ባጭሩ።

«አንድ ዳኛ ከተገዛ አለቀ።» በትልልቅ ሻምፒዮናዎች ዘጠኝ ዳኞች አሉ። ለየዝላዩ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ደረጃ ይጣልና የቀረው አማካይ ይያዛል። ይህ የመጣው በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ከተፈጠረው የጥንዶች ውድድር የዳኝነት ቅሌት በኋላ ነው፤ ያኔ ለሁለት ጥንዶች ወርቅ ተሰጠ። አድልዎ ከምድር ጠፋ አልልም። አንድ ዳኛ ብቻውን ውጤቱን መቀየር ግን ይከብደዋል።

«የዘንድሮው ነጥብ ከ2017ቱ ሪከርድ ይበልጣል።» አይወዳደሩም። በ2018 ስሌቱ ተቀይሮ ሪከርዱ እንደ አዲስ ተጀምሯል።

«ኳድ የበዛለት ያሸንፋል።» በ2022 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሩሲያዊቷ አሌክሳንድራ ትሩሶቫ አምስት ኳድ ሞክራ በረጅሙ ፕሮግራም 177.13 አመጣች፤ ከሁሉም የበለጠ። ወርቁ ግን የአገሯ ልጅ የአና ሽቸርባኮቫ ሆነ፤ በድምር 255.95 ለ251.73። ሽቸርባኮቫ በአጭሩ ፕሮግራም 80.20 ለ74.60 ቀድማት ነበር።

«በአጭሩ ፕሮግራም የተበላሸ ሻንጣውን ያሰናዳ።» ይሄኛውን የሚለው ወንድሜ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። በነጠላ ውድድር 24 ሰው ወደ ረጅሙ ያልፋል። በ2024ቱ የሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና ፈረንሳዊው አዳም ሲያዎ ሂም ፋ ከ19ኛ ተነስቶ ነሐስ ወሰደ። ወንድሜ አላየውም።