የሰሜን ሸዋ ከተሞችን ከመንገድ ፎቶ መለየት

አንድ የመንገድ ፎቶ ከየትኛው ከተማ እንደተነሳ ከቤቱ ግድግዳ፣ ከጣሪያው፣ ከአጥሩ፣ ከሰሌዳውና ከሰዉ አለባበስ ማወቅ ይቻላል። በሌላው ዓለም ነገሩ ጨዋታ እስከመሆን ደርሷል። ጋዜጠኞችና ሐሰተኛ ወሬ የሚያጣሩ ሰዎችም በየቀኑ ይሠሩበታል። እኛ ጋ ሥራው ይከብዳል። የጎግል የመንገድ እይታ ኬንያን እንደሸፈነው የኢትዮጵያን ጎዳናዎች አልሸፈነም። ስለዚህ ፎቶው የት እንደተነሳ የሚያጣራው ሰው፣ አመሳካሪው፣ የሚተማመነው በአካባቢው እውቀትና ሰዎች በለጠፏቸው ፎቶዎች ነው። ይህ ዳሰሳ የሰሜን ሸዋ ከተሞችን መለያዎች በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ በአማራ ክልል ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። እዚህ በሰፊው የሚነሳው የመጀመሪያው ነው።

ደጋ ነው ቆላ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከፍታ ነው። የተራራው ማለፊያ ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመኪና ግን በሁለቱ መካከል ያለው ጉዞ አጭር ነው። ጠዋት ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተሳፈረ ሰው ምሳውን በሸሚዝ ይበላል።

ይህ ልዩነት ፎቶ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ደጋ ላይ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ የተዘጋ ነው፤ ሻይ የሚጠጣውም ቤት ውስጥ ነው። ቆላ ላይ ሰዉ በረንዳ ላይ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ጅብራ የተባለው ረጅም የደጋ ተክል የታየበት ፎቶ ከፍተኛው ደጋ ላይ የተነሳ ነው። ማንጎና ማሽላ ካለ ወርደናል። ባሕር ዛፍን ግን ለምልክት አትቁጠሩት። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ያልገባበት ቦታ የለም።

አንድ አስተማማኝ የደጋ ምልክት ደግሞ ኩበት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ የማገዶ እንጨት እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ኩበት በድንጋይ ካብ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ፣ ከቤት ጀርባም ተከምሮ ይታያል። ክምሩ ዝናብ እንዳያስገባ ከላይ በእበት ይለሰናል። ፎቶ አንሺው ልብ ሳይለው ጥግ ላይ የቀረ አንድ የኩበት ክምር ብዙ ጊዜ ከሰሌዳ የበለጠ ይናገራል።

ሰሌዳ ያግዛል፣ ያሳስታልም

በአማራ ክልል ያለው ሰሌዳ በአብዛኛው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ከላይ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ይመጣል፣ አማርኛው ከሥሩ ይከተላል። ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር ሲወጣ ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ የኦሮሚያ ናቸው። ጫጫ ሲደረስ የሰሌዳው ቅደም ተከተል ይቀየራል። ቤቶቹ እምብዛም ስለማይለያዩ እነዚህን ከተሞች ለመለየት ይህ ዋነኛው መንገድ ነው።

የከተማ ስም በሰሌዳ ላይ ሙሉውን የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደ/ብርሃን፣ ደ/ሲና፣ ሸ/ሮቢት፣ መ/ሜዳ ይባላል። ፎቶው ደብዝዞ «ደ/» ብቻ ከታየ መቸኮል አያስፈልግም፤ ደብረ ማርቆስና ደብረ ታቦርም አሉ።

ከሁሉ የሚያሳስተው የንግድ ቤት ስም ነው። «የሸኖ ለጋ ቅቤ» የሚል ሰሌዳ ሸኖ ውስጥ ከሚገኝ ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የምንጃር ጤፍና የመንዝ በግም እንደዚሁ ናቸው። ሰው የአገሩን ስም ይዞ የሚነግደው ከአገሩ ሲወጣ ነው።

ታርጋም ይረዳል። በነባሩ ታርጋ ላይ «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አአ» የሚሉ የክልል ምልክቶች አሉ። ነገር ግን በዋናው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሲኖትራክና አይሱዙ ከየትም ሊመጣ ስለሚችል፣ መታየት ያለበት የቆመው ወይም በከተማው ውስጥ የሚሽከረከረው ተሽከርካሪ ነው። ባጃጅ ከሆነ የጎን ቁጥሩና የማኅበሩ ስም ይነበባል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በብዛት ከታየ ፎቶው አዲስ አበባ ሳይሆን አይቀርም።

ደብረ ብርሃን

የዞኑ ትልቋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ነው። የመሠረታት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ስሟ ከሰማይ ከታየ ብርሃን ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ነዋሪው ግን ተአምር መሆኑን አይጠራጠርም፣ ቀኑም ከኮከቡ ጋር በትክክል ይግጠም አይግጠም ገና አከራካሪ ነው።

ለፎቶ አመሳካሪ የመጀመሪያው ምልክት የመሬቱ ሜዳነት ነው። ዋናው አስፋልት ከተማዋን በረጅሙ ያቋርጣል፤ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ተራራ አጠገብ የለም። ደብረ ሲና ወይም አንኮበር ላይ እንዲህ ያለ አድማስ አይገኝም። ሁለተኛው የፈረስ ጋሪ ነው። ባጃጅ ቢበዛም ጋሪው እቃና ሰው ጭኖ ከጎኑ ሲሄድ በብዙ ፎቶዎች ላይ ይታያል። ሦስተኛው አለባበስ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚጥል ፀሐይ ወጥታም ሰዉ ካፖርትና ጋቢ አያወልቅም። በጠራራ ፀሐይ የተጠቀለለ ሕዝብ ካያችሁ ከሌሎች ከተሞች በፊት ደብረ ብርሃንን አስቡ።

ቤቶቹ የሦስት ዘመን ናቸው። የቆየው ሰፈር የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ዝጎ ቡኒ የሆነ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ወይም የባሕር ዛፍ አጣና። ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በግራጫ ጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ ብሎኬትና ባለ መስታወት ፎቅ ነው፣ ፊቱ በአሉሚኒየምና ባለ ቀለም መስታወት የተሸፈነ። ይህ የመጨረሻው ከሌላ ከተማ ስለማይለይ ምስክርነቱ ደካማ ነው። ብቻውን ከታየ ደሴ ነው ቢባልም ያስኬዳል። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን መሆኑም እንዲሁ በየከተማው ያለ ነገር ነው።

ኢንዱስትሪው የከተማዋ ኩራት ነው፣ ይገባታልም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የመንዝ በግ ጠጉር ባለበት አገር ሌላ ምን ሊቀድም ኖሯል! ዛሬ ዳሽንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ አሉ። በፎቶ ጀርባ ላይ ረጃጅም የብረት ጋኖች ወይም ሰፋፊ የፋብሪካ አዳራሾች ሜዳው ላይ ከታዩ መልሱ ቀርቧል። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም መለያ ነው። ሥረ መሠረቱ የዘርዓ ያዕቆብ ሲሆን አሁን የሚታየው ሕንፃ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። በጎንደር ካለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። የጎንደሩ ጣሪያው ላይ በተሣሉት መላእክት የታወቀው ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም።

የከተማ አስተዳደሩ ሰሌዳ ጊዜንም ይናገራል። «ሪጂዮፖሊታን» የሚል የከተማ ደረጃ ስያሜ ካለበት ፎቶው የቅርብ ዓመታት ነው።

አንኮበር

አንኮበር ከካሜራ በፊት በሥዕል የተመዘገበች ከተማ ናት፤ በዚህ ከዞኑ ከተሞች የሚወዳደራት የለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ከነጓዙ መጣ። ከንጉሡ ጋር ያደረገው ውልም በ1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተፈረመ። አብሮት የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ በርናትዝ ኮረብታዎቹንና መኖሪያዎቹን ሣለ። በሥዕሎቹ ላይ ጣሪያቸው የሾለ የሳር ጎጆዎች፣ ዙሪያቸውን ታጥረው ኮረብታውን ተያይዘው ሲወጡ ይታያል። ሥዕሉን ከዛሬው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ማየት ደስ ይላል። ጎጆው ወደ ቆርቆሮ ተቀይሯል። የኮረብታው ቅርጽ ግን ያው ነው፣ ቦታውንም የሚያሳውቀው እሱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ አንኮበር ፈዘዘች። ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ኮረብታ ላይ የቀረው ፍርስራሽ ነው። ዛሬ እዚያው ባህላዊውን አሠራር የተከተለ ሎጅ አለ፣ በኢንተርኔት የሚዞሩት ብዙዎቹ ፎቶዎችም የሱ ናቸው። «ጥንታዊው ቤተ መንግሥት» እየተባለ የሚለጠፈው አዲሱ ሕንፃ መሆኑን ልብ ይሏል።

የወረዳው ማእከል ጎረቤላ ነው። «አንኮበር ከተማ» የሚል ፎቶ ላይ ሱቅ፣ ባጃጅና መናኸሪያ ካለ የተነሳው ጎረቤላ ነው። መለያው ከቤቶቹ ጀርባ መሬቱ ድንገት መጥፋቱ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ሲታይ የአፋር ቆላ ጭጋግ ውስጥ ይተኛል። ወደ ታች ሲወረድ አልዩ አምባ አለች፣ የቀድሞ የነጋዴዎች ገበያ።

ጣርማ በር፣ ደብረ ሲናና ቆላው

የጣርማ በር ዋሻ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረ ነው። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። አፉ በጥርብ ድንጋይ ተገንብቷል፣ ብዙውን ጊዜም ጉም ስለሚሸፍነው ፎቶው በቀላሉ ይታወቃል። መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው ሲባል፣ በዚሁ ተራራ እነ ራስ አበበ አረጋይና ኃይለ ማርያም ማሞ እንቅልፍ እንደነሱት አብሮ ቢነገር መልካም ነው።

ደብረ ሲና ከዋሻው በታች ተዳፋት ላይ ተቀምጣለች። ዋናው ጎዳና ቁልቁል ይታጠፋል፣ ቤቶቹም አንዱ ከአንዱ ዝቅ እያሉ ይወርዳሉ። አውቶቡስ ሲቆም ወደ መስኮቱ የሚሮጡት ቆሎ ሻጮች ናቸው። የቆሎ ላስቲክ ወደ መኪና የተዘረጋበት፣ ከጀርባው ገደል ያለበት ፎቶ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ ሞቃትና አረንጓዴ ናት። ሚናሬትና ጉልላት በአንድ ፎቶ ይገባሉ፣ ግመልም አልፎ አልፎ። አጣዬ ትመስላታለች፤ ሁለቱን ለመለየት ሰሌዳ ያስፈልጋል።

መንዝ

መሐል ሜዳና ሞላሌ ነፋስ የሚጋልብባቸው ከተሞች ናቸው። መለያቸው ድንጋይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ አጥሩ ካብ፣ በረቱም ድንጋይ። ከከተማው ወጣ ሲባል ክብ ሆነው በሳር የተከደኑ የድንጋይ ቤቶች አሉ። ክዳኑ ከጓሳ ሳር ነው። ጓሳውን የመንዝ ሰው ለዓመታት እየዘጋ፣ ተራ እየጠበቀ ሲያጭድ ኖሯል፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል ይባላል። ትከሻ ላይ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ጣል ያደረገ ሰው ከታየ ግምቱ ይጠናከራል።

ሌሎች

እነዋሪና ደነባ ጥቁር አፈር ላይ ናቸው። በክረምት ጎዳናው ይጨቀያል፣ ከቤቶቹ ጀርባም ውኃ እንዲያፈስ በመደብና በቦይ የተከፈለ ማሳ ይታያል። ዓለም ከተማ ከጀማ ሸለቆ በላይ ናት። አረርቲ ግራርና የጤፍ ማሳ ይከቧታል። ፍቼ በሰሌዳዋ ትለያለች።

ፎቶው መቼ ተነሳ?

ቦታው ታውቆም ጊዜው ይቀራል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ብዙ ቤቶቿ ተቃጥለዋል፤ የከተማዋን ፎቶ ያየ ሰው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ አለበት። የቆየ ፎቶ አዲስ ተብሎ የሚዞረው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ግንባታ ደረጃ፣ የቆርቆሮው ዝገት፣ የሳፋሪኮም ሰሌዳ መኖር አለመኖር ይረዳሉ። ኩባንያው አገልግሎት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ካለ ፎቶው ከዚያ አይቀድምም።

ጥላም አለ። ዞኑ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት በኋላ እስከ ነሐሴ 20 ግድም የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ የምሰሶውም ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ጥላው ወደ ሰሜን ነው። የመንገዱ አቅጣጫ በካርታ ከታወቀ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ ወቅቱን ለመገመት ይበቃል።