ስማችንን የያዘው የዱር ዝንጅብል፦ ምንነቱና የቤት አያያዙ

ሳይንሳዊ ስሙ ሲፎኖኪለስ ኤቲዮፒከስ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ዋይልድ ጂንጀር፣ በዙሉ ቋንቋ ደግሞ ኢንዱንጉሎ ወይም ኢሲፌፌቶ ይሉታል። ዘመዶቹን ሁላችንም ከጓዳ እናውቃቸዋለን፣ ዝንጅብል፣ እርድና ኮረሪማ ከሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ይሄኛው ግን ቤት ውስጥ የሚተከለው ለአበባው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ እዚህ ጆሃንስበርግ ያነበብኩትንና በረንዳዬ ላይ ያየሁትን ነው ያሰባሰብኩት፣ ስለዚህ የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ቢረዝም አይግረማችሁ።

መጀመሪያ ስሙ። ተክሉን እ.ኤ.አ. በ1867 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት ነው፣ ያኔ የሰጠው ስም ሲየንኮቭስኪያ ኤቲዮፒካ ነበር። ከዛ በኋላ ካምፕፌሪያ ከሚባሉት የእስያ የዝንጅብል ዘመዶች ጋር ተቀላቅሎ ቆየና በ1982 በርት የሚባል የዕጽዋት ተመራማሪ ወደ ሲፎኖኪለስ አዛወረው፣ ይሄ ወገን የአፍሪካ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው "ኤቲዮፒከስ" ማለት ድሮ አፍሪካ ማለት ስለነበር ስሙ ከኛ ጋር አይገናኝም ይላል። ካላ ሊሊ ለምትባለው ነጭ አበባ ይሄ እውነት ነው፣ እሷም ኤቲዮፒካ ተብላ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው። ለዚህኛው ግን አይሰራም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሽቫይንፉርት ስለ ኢትዮጵያ ዕጽዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያወጣው፣ ተክሉም ዛሬ ድረስ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ በተፈጥሮ ይበቅላል። የራሳችን ነው ብዬ ነው የምይዘው። ከኛ ጀምሮ በምዕራብ እስከ ሴኔጋል፣ በደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ታሪኩ ያሳዝናል። ዙሉዎች ሪዞሙን (ዝንጅብል ላይ የምንበላው ክፍል ማለት ነው) ለጉንፋን፣ ለሳልና ለአስም ያኝኩታል፣ ከመብረቅና ከእባብ ይጠብቃል ብለውም ያምናሉ። ፈላጊው በመብዛቱ ከጫካ እየተቆፈረ ተሸጠና ናታል (የዛሬው ክዋዙሉ ናታል) ውስጥ ይታወቅባቸው ከነበሩት ከኢናንዳና ከኡምህሎቲ ሸለቆዎች ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ጠፍቶ ነበር፣ ለመኪና መንገድ ወይም ለእርሻ ተብሎ ሳይሆን ለሽያጭ ብቻ ተነቅሎ ማለት ነው። አሁን በአገሪቱ የቀይ መዝገብ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ዝርዝር) በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ውስጥ ነው፣ ክዋዙሉ ናታል ላይ በዱር የለም፣ የቀረው ምፑማላንጋና ሊምፖፖ በሚባሉት ክፍለ ሀገሮች ነው። ያተረፈው የሰው ጓሮ ነው። ነርሰሪዎች (የችግኝ ጣቢያዎች) በቲሹ ካልቸርም (ከትንሽ የተክል ቁራጭ በላቦራቶሪ በማብዛት) ሪዞም በመከፋፈልም አብዝተውት ዛሬ ችግኙን እንደልብ መግዛት ይቻላል። እባካችሁ ከነርሰሪ ግዙ፣ ከዱር የተቆፈረ እንዳትገዙ።

ወደ አያያዙ ስመጣ፣ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፣ ተክሉ በዓመት ውስጥ ለወራት ይተኛል። እዚህ ቅጠሉ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቢጫ ሆኖ ይወድቅና ቫዞው ባዶ አፈር ይመስላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሞተ ብዬ ልደፋው ስል አፈሩን በጣቴ ጫር አድርጌ ሪዞሙን ተጫንኩት፣ ድንች ይመስል ጠንካራ ነበር፣ ስጭረውም የዝንጅብል ሽታ መጣ። ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፣ ከለሰለሰና ከሸተተ ነው የበሰበሰው። በዚህ ጊዜ ውሃ ማጠጣት ዋናው ገዳይ ነው፣ በቃ ደረቅ ቦታ፣ ብርድ የማይመታው ጥግ አስቀምጦ መተው ነው።

ሙቀቱ ሲመጣ፣ እኛ ጋ ጥቅምት አካባቢ፣ ቅጠሉ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ይወጣል። አበባዋ ደግሞ ግንድ ላይ አይደለችም፣ ከአፈሩ ነው የምትፈነዳው፣ ሮዝና ሐምራዊ የተቀላቀለባት ሰፊ፣ ስስ፣ መሀሏ ቢጫ፣ ሽታዋም ደስ ይላል። ለማየት ቁጢጥ ማለት አለባችሁ። አንዷ አበባ ብዙ አትቆይም፣ ግን በተከታታይ ይወጣሉ። አንዳንዱ ተክል የሴቴ አበባ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ሴቴዎቹ አነስ ይላሉ፣ ስለዚህ የጎረቤት አበባ ከናንተው ቢበልጥ የእንክብካቤ ጉድለት ላይሆን ይችላል።

ቫዞው ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ ይሻላል፣ ከታች ቀዳዳ የግድ ነው። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር፣ ኮምፖስት የበዛበት፣ ሪዞሙ ደግሞ ከላይኛው አፈር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይተከል፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል ቢለብስ እርጥበት ይይዝለታል። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፣ የቀትሩ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በእድገት ወቅት አፈሩ ሳይደርቅ ማጠጣት፣ ቀንድ አውጣ ማታ ማታ መልቀም፣ ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም።

አገር ቤት ለመትከል ለምታስቡ ወቅቱ ይገለበጣል፣ በዝናብ ይነሳል በበጋ ይተኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን ጨምሩ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል እርሻን ያወደመው ባክቴሪያ በታመመ ሪዞምና በአፈር ነው የሚተላለፈው፣ ስለዚህ የዝንጅብል ማሳ አፈር አምጥታችሁ ቫዞ አትሙሉ፣ ከገበያ የተገዛ ዝንጅብልም አብራችሁ አትትከሉ።

ማባዛት የሚሻለው በእንቅልፉ መጨረሻ ነው። ሪዞሙን አውጥቶ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ነጥብ) እንዲኖረው አድርጎ በንጹህ ቢላ መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ከዛ መትከል። ቡቃያው ከአፈር ብቅ እስኪል ድረስ አፈሩን በትንሹ ከማርጠብ ያለፈ ውሃ አትስጡት።