ዶሮዋ ሳጥኑን ለምን ትንቀዋለች? ስለ እንቁላል መጣያ ሳጥን

የእንቁላል መጣያ ሳጥን ማለት ዶሮ ገብታ፣ ተቀምጣ፣ እንቁላሏን ጥላ የምትወጣበት ከለል ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ከጣውላ ይሠራል። ከፕላስቲክ ባልዲም፣ ከአሮጌ መሳቢያም፣ ከፍራፍሬ ሳጥንም ይሠራል። ለዶሮዋ ከምን እንደተሠራ ግድ አይሰጣትም። የምትፈልገው ጨለም ያለ፣ ደረቅና ማንም የማይረብሻት ቦታ ነው። ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች ያሉት ሰው ግን አንድ ቀን ይህን ማየቱ አይቀርም፦ ሳጥኑ ባዶ፣ እንቁላሉ ቁጥቋጦ ሥር።

ይሄኔ ሰው ዶሮዋን "ግትር" ይላታል። ግትር ሆና አይደለም፤ ቦታ አማርጣ ነው። ሳጥኑ በእሷ ዓይን ከቁጥቋጦው ካልበለጠ ቁጥቋጦው ያሸንፋል።

የቤት ዶሮ ዘሯ የሚመዘዘው ከቀይ የጫካ ዶሮ ነው። ይቺ ወፍ ዛሬም በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ትኖራለች። የምታድረው ዛፍ ላይ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ግን መሬት ላይ፣ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ሥር፣ በእግሯ ጭራ ጎድጎድ ካደረገችው ቦታ ነው። መኝታ ከላይ፣ ጎጆ ከታች። የቤት ዶሮም ይህን አልረሳችም።

ጎጆ የመፈለጉ ስሜት የሚነሳው ከውስጧ ነው። የሚገርመው ግን እንቁላሉ ራሱ አይደለም የሚቀሰቅሰው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪው ዴቪድ ዉድ-ገሽና ባልደረባው ጊልበርት ነገሩን መርምረው ነበር። አስኳሉ ከእንቁልጢዋ (አስኳሉ ከሚያድግበት የሆዷ ክፍል) ሲለቀቅ ባዶ ከረጢት ይቀራል። በማግስቱ ዶሮዋን ጎጆ ፍለጋ የሚያስወጣት ከዚያ ከረጢት የሚመነጨው ሆርሞን ነው። ከረጢቱ ተቆርጦ ሲወጣ እንቁላል መጣሏን አታቆምም፤ ቦታ ማፈላለጓ ግን ይጠፋል። ስለዚህ የዛሬ ጠዋቱ ሩጫ የተወሰነው ትናንት ነው። በመጮህና በማባረር የሚቆም ነገር አይደለም።

አንዲት ዶሮ ከመጣሏ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ከብዙ ምክር ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ቦታ መርጋት ያቅታታል። በአጥሩ ጥግ ትመላለሳለች። ረዘም ያለ፣ ቅሬታ የሚመስል ድምፅ ታሰማለች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ትመጣና አንገቷን አስግጋ፣ ጭንቅላቷን አዘንብላ፣ በአንድ ዓይኗ ወደ ውስጥ ታያለች። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ሌላውን ትሞክራለች። በመጨረሻ ትቀመጥና ትዞራለች፤ በደረቷ ጭዱን ትጫነዋለች፤ አንዳንድ ሰበዝ በአፏ እያነሳች ጀርባዋ ላይ ትጥላለች። ከዚያ ብድግ፣ ላባዋ ነፋ ይላል፣ እንቁላሉ ጠብ። ሲወጣ ላዩ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ወዲያው ይደርቅና ቅርፊቱን ከተህዋሲያን የሚከላከል ስስ ልባስ ይሆናል። ጥቂት ቆይታ ትወጣና ሰፈሩ እስኪሰማ ታስካካለች።

አንድ እንቁላል ተሠርቶ ለመውጣት 25 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት የሚሆነው ለቅርፊቱ ብቻ ነው። ቀኑ 24 ሰዓት ስለሆነ የመጣያ ሰዓቷ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል፤ በመጨረሻም አንድ ቀን ትዘልላለች። ያም ሆኖ አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከንጋት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ውጭ መጣል የለመዱ ዶሮዎችን ረፋዱ ላይ መልቀቅ የሚሠራው። ውሃና መኖ ሰጥቶ እስከ ጠዋቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ቤታቸው ማቆየት ነው። ለአንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተደረገ ብዙዎቹ ሳጥኑን ይለምዱታል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ግን ዘግቶ ማቆየቱ መነካከስ ያመጣል፤ ይህንን ማሰብ ያስፈልጋል።

ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ለመካከለኛ ዶሮ ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃል፤ ለግዙፍ ዝርያ 35 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ በጣም ከሰፋ ሁለት ሆነው ይገቡና እንቁላል ይሰበራል። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሳጥን የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለነጠላ ጎጆ ያስቀመጠው ልክ ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ዶሮ አንድ ጎጆ የሚል ነው። ባዶው የሽቦ ኬጅ በዚያው መመሪያ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ታግዷል፤ ከተተቸባቸው ነገሮች አንዱ ዶሮዋ ጎጆ የምትለው ቦታ ስለሌላት ነበር።

ከፊት ለፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደፍ ያስፈልገዋል። ያለዚያ ጭዱም እንቁላሉም ተጭሮ ይወጣል። ከታች ደህና አድርጎ ጭድ ወይም ሰጋቱራ መጎዝጎዝ ነው። ሰጋቱራው ደቃቅ ዱቄት ባይሆን ይሻላል፤ አቧራው ለመተንፈሻዋ አይሆንም። ብርሃን የሚበዛበት ከሆነ አሮጌ ጨርቅ ቆራርጦ እንደ መጋረጃ መስቀል ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይር ብባል መጀመሪያ የምቀይረው ብርሃኑን ነው።

ቀጥሎ የቆጡ ጉዳይ አለ። ዶሮ ሲመሽ ካለው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውን ፈልጋ ትወጣለች። ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ ሳጥኑ መኝታ ሆነ ማለት ነው። ዶሮ ደግሞ ሌሊት ብዙ ኩስ ትጥላለች። ጠዋት የምትጥለዋ ዶሮ ያንን ታይና ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ብትገባም እንቁላሉ ይበከላል። ቆጡን ከፍ፣ ሳጥኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ሳጥን ውስጥ ማደር የለመዱ ካሉ ሲመሽ ሳጥኑን ዘግቶ ንጋት ሳይደርስ መክፈት ይረዳል።

ለቄቦች ጊዜው ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች መጣል የሚጀምሩት ከ18 እስከ 24 ሳምንት ሲሆናቸው ነው። ሳጥኑ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቦታው ላይ ቢገኝ ጥሩ ነው። የመጀመሪያ እንቁላሏን የጣለችበትን ቦታ ደጋግማ ትፈልገዋለችና። ውስጡ የውሸት እንቁላል ይቀመጥለታል፤ የእንጨት፣ የሸክላ ወይም የጎልፍ ኳስ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው ፎርጅዱን አታውቅም። እንቁላል ካየች "እዚህ ሰላም ነው ማለት ነው" ብላ ትገባለች።

ያው ብልሃት ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ወለል ላይ የተረሳ አንድ እንቁላል ሌሎቹን ይጠራል። ስለዚህ ውጭ የተጣለው ቶሎ ቶሎ መነሳት አለበት። በጥግ በኩል ጨለም ያለ ቦታ ካለ በድንጋይ ወይም በሽቦ መድፈን ነው። የተሰበረ እንቁላል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዷ ትቀምሰዋለች፣ ትወደዋለች፣ ከዚያ ራሷ መስበር ትጀምራለች።

ሳጥኑን ለምደውት የነበሩ ዶሮዎች ድንገት ከሸሹት ሌላ ጥርጣሬ ይመጣል፦ ቀይ ቅንቅን። ይህ ተባይ ቀን ቀን በጣውላው ስንጥቅ ተደብቆ ይውላል። ሌሊት ይወጣና የዶሮዋን ደም ይመጥጣል። ቀን ዶሮዋን አገላብጦ ያየ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። ማታ በባትሪ የቆጡን ሥርና የሳጥኑን መጋጠሚያ ማየት ነው። ነጭ ወረቀት በስንጥቁ ሲያልፍ ቀይ ነጠብጣብ ከተቀባ መልሱ ተገኘ። ጉዝጓዙን አውጥቶ ማቃጠልና ሳጥኑን ስንጥቅ ሳይቀር ማጽዳት ግድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሳጥኑ በማቀፍ ላይ ባለች ዶሮ ይያዛል። ጠፍጣፋ ሆና ተለጥፋ ትተኛለች፤ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች። ጫጩት ከተፈለገ ለ21 ቀን የራሷ ጸጥ ያለ ቦታ ይሰጣታል። ካልተፈለገ ወለሉ ሽቦ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ኬጅ ውስጥ ከነመኖዋና ከነውሃዋ ጥቂት ቀን ብትቆይ ስሜቱ ይበርዳል።

እንቁላል ጠፋ ማለት ግን ሁልጊዜ ተደበቀ ማለት አይደለም። ላባ እየቀየረች ከሆነ ወይም የቀኑ ብርሃን ካጠረ መጣሏን አቁማ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ከሆዷ በታች፣ እንቁላሉ ከሚወጣበት ቀዳዳዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች መዳበስ ነው። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ ፍለጋው ይቀጥል። ከተጠጋጉ ግን እሷን መከታተሉ ትርፉ ድካም ነው።

የተደበቀው ክምር ሲገኝ የትኛው ትኩስ እንደሆነ አይታወቅም። በውሃ መለየት ይቻላል። ትኩሱ ወርዶ በጎኑ ይተኛል። የቆየው በወፍራም ጫፉ ያለው አየር ስለሚሰፋ ቀና ይላል። የተንሳፈፈውን ሳይሰብሩ ራቅ አድርጎ መጣል ነው፤ ሽታውን አንዴ ያወቀ ሰው አይከራከርም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላም አንድ ነገር አይለወጥም። ስድስት ንጹሕ ሳጥን ተደርድሮ አምስቱ ባዶ ይሆናል። በስድስተኛው ፊት ደግሞ ሦስት ዶሮዎች ተሰልፈው፣ ውስጥ ያለችውን "ውጪ እንጂ!" የሚሉ ይመስል ይንጫጫሉ።