የካርተር ዶክትሪን ምንድን ነው?

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 1980፣ በእኛ ጥር 14 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ለአሜሪካ ምክር ቤት ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር ውስጥ ትገኛለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ፍሬ ነገሯ ይህ ነው፦ ማንኛውም የውጭ ኃይል የፋርስ ባሕረ ሰላጤን ለመቆጣጠር ቢሞክር አሜሪካ ሙከራውን በራሷ መሠረታዊ ጥቅም ላይ እንደተቃጣ ጥቃት ትቆጥረዋለች፤ ጦር መማዘዝን ጨምሮ በማናቸውም አስፈላጊ መንገድ ትመክተዋለች። ዓረፍተ ነገሯ ስም አትጠራም። የሶቪየት ኅብረት ጦር አፍጋኒስታን ከገባ ወር አልሞላውም ነበርና አድማጩ ማን እንደተባለ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

«ዶክትሪን» መባሏ እንዳያሳስት። ሕግ አይደለችም፤ ምክር ቤቱ ድምፅ አልሰጠባትም፤ ከማንም አገር ጋር የተፈረመ ውልም የላትም። አንድ ፕሬዚዳንት «ከዚህ ካለፋችሁ እዋጋለሁ» ብሎ በአደባባይ ሲናገርና ተከታዮቹም ሲይዙለት፣ አቋሙ በስሙ ይጠራል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1947 የሶቪየትን መስፋፋት ለመግታት ያወጁት አቋምም በስማቸው ይጠራል፤ የካርተር የጸጥታ አማካሪ ዝቢግኒው ብሬዥንስኪም የካርተርን ቃል ሲያረቅቁ አርአያቸው የትሩማን ነበር።

የሚያስደንቀው ተናጋሪው ነው። ካርተር በጆርጂያ ግዛት ፕሌንስ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጡ የኦቾሎኒ ገበሬ ነበሩ፤ ቀደም ሲል በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያገለገሉ መኮንን፣ ኋላም የግዛታቸው አገረ ገዥ። ለፕሬዚዳንትነት ሲነሡ «ጂሚ ማን?» ተብሎባቸዋል። በ1976 በአዮዋ በተደረገው የፓርቲያቸው ምርጫ እንኳ አንደኛ የወጡት «ገና አልወሰንንም» ያሉት ነበሩ፤ ካርተር ግን በስም ከተጠቀሱት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቀደሙ። ቬትናምና የዋተርጌት ቅሌት ያንገሸገሹት መራጭ ዋሽንግተን ያላወቀውን ሰው ፈለገ። እርሳቸውም «አልዋሻችሁም» እያሉ ዞሩ፤ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ጄራልድ ፎርድንም 297 ለ240 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፉ።

ይዘውት የመጡት መፈክር ሰብአዊ መብት ነበር፤ ታሪኩ ወደ እኛ ደጅ የሚመጣውም በዚህ ነው። ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 1977፣ መንግሥታቸው ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ በመብት ጥሰት ምክንያት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደርግ በኤፕሪል መልሱን ሰጠ፤ አስመራ የነበረውን የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ፣ ቃኘውን፣ ዘግቶ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችን አባረረ። በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ሞስኮ ከአዲስ አበባ ጎን ቆመች፤ የተከፉት ዚያድ ባሬም በኖቬምበር ሶቪየቶችን ከአገራቸው አስወጡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ ነገሩን የአካባቢ ጠብ አድርገው ሲያዩት፣ ብሬዥንስኪ ግን የሶቪየት መስፋፋት ነው አሉ። ከሶቪየቶች ጋር የሚደረገው የኑክሌር መሣሪያ ገደብ ስምምነት የተቀበረው በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው ማለታቸው ዛሬም ይጠቀሳል። የተጋነነ አነጋገር ነው፤ ግን ካርተር የማንን ምክር ወደ መስማት እያዘነበሉ እንደሄዱ ያሳያል።

ከዚያ 1979 መጣ። ብሪታንያ በ1971 ከባሕረ ሰላጤው ከወጣች ወዲህ አሜሪካ አካባቢውን ያስጠበቀችው በኢራኑ ሻህና በሳዑዲ ዓረቢያ ነበር። በጃንዋሪ ሻሁ ኮበለሉ። በኖቬምበር ቴህራን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ተያዘ፤ 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታገቱ። በዲሴምበር ደግሞ አፍጋኒስታን። ካርተር በንግግራቸው የሶቪየት ጦር ከሕንድ ውቅያኖስ 300 ማይል፣ ማለትም 480 ኪሎ ሜትር ያህል እንደቀረውና የነዳጅ መርከቦች ወደሚያልፉበት ወደ ሆርሙዝ ሰርጥ እንደተጠጋ አስረዱ።

ችግሩ ቃሉን የሚያስከብር ጦር በአካባቢው አለመኖሩ ነበር። በማርች 1980 ፍሎሪዳ ውስጥ ፈጥኖ ደራሽ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ በ1983 ዛሬ ሴንትኮም የሚባለው፣ የመካከለኛው ምሥራቅ የአሜሪካ ጦር ዕዝ የሆነው እርሱ ነው። ጦሩ ግን ማረፊያ ወደብ ይፈልጋል። ስለዚህ በ1980 ከኦማን፣ ከኬንያና ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደረገ። በርበራን ያስፋፉትና የገነቡት ሶቪየቶች ነበሩ፤ አሁን አሜሪካኖች ሊጠቀሙበት ነው። ደርግን በሰብአዊ መብት የቀጣው መንግሥት ከዚያድ ባሬ ጋር ሲፈራረም፣ የመብቱ ነገር ከበርበራ አውሮፕላን ማረፊያ ርዝመት ያነሰ ሚዛን እንደነበረው ለመረዳት አይከብድም።

ካርተር ሞስኮን በሌላም መንገድ ለመቅጣት ሞክረዋል፤ የእህል ሽያጭ አገዱ፣ አሜሪካ ከ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ እንድትቀር አደረጉ። ኬንያ ስትቀር ኢትዮጵያ ሄደች፤ ምሩጽ ይፍጠርም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ይዞ ተመለሰ።

ታጋቾቹን ለማስለቀቅ የተላከው ኮማንዶ በኢራን በረሃ ከሽፎ ስምንት ወታደሮች ሞቱ፤ ዘመቻውን የተቃወሙት ቫንስም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኖቬምበር ምርጫ ካርተር በሮናልድ ሬገን ክፉኛ ተሸነፉ። ቃላቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ቆየ፤ እንዲያውም ተለጠጠ። ሬገን በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ጊዜ የኩዌትን የነዳጅ መርከቦች በአሜሪካ ባንዲራ አሳጀቡ። በ1991 የመጀመሪያው ቡሽ ኢራቅን ከኩዌት ሲያስወጡ፣ ወራሪው «የውጭ ኃይል» አልነበረም፤ የዚያው የባሕረ ሰላጤ ልጅ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር በስሟ ያልጠራቻት ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ሆርሙዝን ሳትረግጥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረሰች።