የጉዞ ኢንሹራንስ ምንድን ነው? ለሦስት ሌሊት መርከብስ?

«ለ350 ዶላር ትኬት ኢንሹራንስ የሚገዛ ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው።» ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስን ነክቶ ስለሚመለስ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት የመርከብ ሽርሽር ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል አይጠፋም። ወዲያው ሌላው ይቀጥልና «እኔ ሁሌም እገዛለሁ፤ ሐሳቤን ብቀይር ገንዘቤን ይመልሱልኛል» ይላል። የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ኢንሹራንስ ሲባል የሚታያቸው ትኬቱ ብቻ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንስ በአንድ ወረቀት የታሰሩ ብዙ ውሎች ናቸው። የሻንጣውንና የመሳሰለውን ትተን ሁለቱን እንያዝ። አንደኛው፣ ሳትሄዱ ብትቀሩ ወይም ጉዞውን መሐል ላይ ብታቋርጡ፣ የማይመለሰውን ክፍያችሁን ይተካል። ሁለተኛው፣ መርከቡ ላይ ወይም ወደብ ላይ ብትታመሙ፣ ሕክምናውንና ከዚያ የማውጣቱን ወጪ ይሸፍናል። የአንደኛው ጣሪያ የሚለካው በከፈላችሁት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከትኬቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጉዞው አጭር ነው ብሎ ልብ ድካም ቅናሽ አያደርግም።

በትኬቱ በኩል የመጀመሪያው ተናጋሪ ትክክል ነው፤ አልነፍገውም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለሁለት ሰው በጠቅላላ 900 ዶላር ከፈላችሁ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 250ው የወደብ ክፍያና ግብር ነው። ይህኛው ባትሄዱም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። አደጋ ላይ ያለው 650 ዶላር ነው። እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን አይደለም፦ ለአጭር ጉዞ የመጨረሻው ክፍያ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 75 ቀን ገደማ ሲቀረው ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ብትሰርዙ የምታጡት ቢበዛ ቀብዱን ነው። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ እየወጣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሙሉውን ይበላል። 650 ዶላር መክሰር የቤት ኪራያችሁን የማያናጋ ከሆነ፣ ትኬቱን ራሳችሁ ዋስ ሁኑት። የአውሮፕላን ትኬት ሲደመርበት ግን ቁጥሩ ይለወጣል፤ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውል፣ ወደ ሕክምናው። ስለ ባሃማስ ዋና ከተማ «ናሶ እኮ እዚሁ ነው» የሚባለው ነገር በጣም ያደክማል። በአሜሪካ ሕጎች መሠረት የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ለመመለስ መሐል ላይ የውጭ ወደብ መንካት አለበት። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስን ወይም የፓናማን ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ሌሊትም ቢሆን ከአገር መውጣት ነው። የመርከቡ ክሊኒክ የናንተን የጤና ኢንሹራንስ ካርድ አይቀበልም። የሐኪሙ፣ የመርፌውና የግሉኮሱ ሒሳብ ከቢራውና ከፎቶው ጋር በክፍላችሁ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል፤ ስትወርዱ ከካርዳችሁ ይቆረጣል።

እናትና አባት ይዘው ለሚሄዱ ደግሞ፦ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ መርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ በአሜሪካ ወደብ ላይ ካለ፣ ወይም ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ካለ ብቻ ነው። ሐኪሙም በአሜሪካ ሕግ ለማከም የተፈቀደለት መሆን አለበት። ናሶ ላይ ቆሞ ሳለ ለሚደርስ ነገር ከሜዲኬር አትጠብቁ። የሜዲኬርን ክፍተት የሚሞላው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ሜዲጋፕ ይባላል፤ አንዳንዶቹ ዓይነቶቹ፣ ለምሳሌ ጂ እና ኤን፣ በውጭ አገር ለሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና ከ250 ዶላር በላይ ካለው ወጪ 80 ከመቶውን ይከፍላሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያቸው ግን 50,000 ዶላር ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠውን ሜዲኬይድን ከነጭራሹ እርሱት። በሥራ ቦታ የተገኘ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሁለት ጥያቄ በስልክ ይጠይቅ፦ መርከብ ላይ የሚደረግ ድንገተኛ ሕክምና ይሸፈናል ወይ? ከውጭ አገር ሆስፒታል በአየር የማጓጓዣ ወጪስ? ለመጀመሪያው «አዎ» ቢሉ እንኳ ለሁለተኛው ብዙውን ጊዜ «አይ» ነው የሚሉት። የሕክምና በረራ ከካሪቢያን ወደ አሜሪካ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ የበረራ ድርጅቶቹም ክፍያው ወይም ዋስትናው ሳይረጋገጥ አይነሱም።

«ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) በነጻ ያወጣል» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ለነፍስ አድን ሥራ አያስከፍልም። ሄሊኮፕተሩ ግን የነዳጁ ወሰን አለው፣ የሚያደርሳችሁም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ የናንተ ነው።

«ኢንሹራንስ» የሚለውን ቃል ከሁሉም በላይ ያበላሸው ግን እንደ ዕቁብ ማየቱ ነው። በዕቁብ የጣለ ሰው ተራው ሲደርስ ያነሳል። «ከፍዬ ምንም ሳላገኝ ተመለስኩ፣ ገንዘቤ ተበላ» የሚል ሰው በአእምሮው ያለው ዕቁብ ነው። ኢንሹራንስ ዕድር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሐዘን ሳይገጥመው የከፈለ አባል «መዋጮዬ ይመለስልኝ» ብሎ ዳኛው ፊት አይቆምም። ዕድር ደግሞ ደንብ አለው፦ ለአባት ይህን ያህል፣ ለአማት ይህን ያህል፣ ለአጎት ልጅ ምንም። ጸሐፊው የሐዘንተኛውን እንባ አይለካም፤ መዝገቡን ነው የሚገልጠው።

ፖሊሲውም፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ውል፣ እንዲሁ። «ብሰርዝ ይመልሱልኛል» የሚባለው ምክንያቱ ደንቡ ላይ በስም ከተጻፈ ብቻ ነው፦ ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም ወይም ጉዳት፣ የቤተሰብ ሞት፣ ለዳኝነት ሸንጎ መጠራት፣ ቤት በእሳት ወይም በጎርፍ መጥፋት፣ እንዲህ እያለ ይዘረዝራል። አለቃ ፈቃድ መከልከሉ በተራው ፖሊሲ ውስጥ የለም። ማዕበል መፍራትም የለም። የማዕበል ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ፖሊሲ ለዚያ ማዕበል አይሠራም፣ ሐዘን ከደረሰ በኋላ ዕድር እንደመግባት ነውና። መርከቡም ብዙውን ጊዜ አይሰርዝም፤ ናሶን ትቶ ሌላ ወደብ ይሄዳል፣ ይህን ለማድረግም የትኬቱ ውል ይፈቅድለታል። ኩባንያው ራሱ ከሰረዘ ወይም መነሻውን ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየ ግን፣ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የባሕር ትራንስፖርትን በሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ደንብ ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ ለዚህ ኢንሹራንስ አያስፈልግም።

«ቤተሰብ» የሚለው ቃል እኛን በተለይ ይነካናል። እኛ የአጎትን ልጅ «ወንድሜ» እንላለን፣ ያሳደገችንን ጎረቤት «እናቴ» እንላለን። ፖሊሲው የቤተሰብን ትርጉም በገጽ ሙሉ ይዘረዝራል፤ አክስትና አጎት የሚገቡበት አለ፣ የአጎት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ አይገባም። የክርስትና አባትማ አይታሰብም። «ትርጓሜ» ከሚለው ክፍል ይህን አንድ ቃል ሳያነቡ መግዛት የዕድሩን ደንብ ሳይሰሙ መፈረም ነው።

ከዚህ የባሰው ቀድሞ የነበረ ሕመም ነው። ኩባንያው ፖሊሲው ከተገዛበት ቀን ወደ ኋላ 60፣ 90 ወይም 180 ቀን ይቆጥራል። በዚያ ውስጥ የታከመ፣ አዲስ ምልክት ያሳየ ወይም መድኃኒቱ የተለወጠ ሕመም አይሸፈንም። የደም ግፊት ኪኒን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ማለቱም «ለውጥ» ነው። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ደንቡ በተጓዡ ብቻ የማያበቃ መሆኑን ነው፤ በብዙ ፖሊሲዎች ለማይጓዘው ቤተሰብም ይሠራል። አዲስ አበባ ያሉት እናት የቆየ ስኳር ኖሯቸው ሆስፒታል ቢገቡና ልጃቸው መርከቡን ትቶ ቢሄድ፣ ኩባንያው የእናትየውን የሕክምና ማኅደር ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ገደብ የሚያነሳ ዌቨር የሚባል ነገር አለ። የሚገኘው ግን የመጀመሪያው ቀብድ ከተከፈለ በ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ ለገዛ፣ የማይመለሰውን ወጪ በሙሉ ላስመዘገበና በገዛበት ቀን በጤናው ለጉዞ ብቁ ለነበረ ሰው ነው። «ቀኑ ሲቃረብ እገዛለሁ» የሚሉ ሰዎች የሚያጡት ይህን ነው።

በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅድ ተጨማሪ አለ፤ አረቦኑን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) በግማሽ ገደማ ያስወድዳል፣ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 ከመቶ ነው፣ ያውም ከመነሻው 48 ሰዓት በፊት ለሰረዘ። ለ650 ዶላር አይመከርም። መርከብ ኩባንያው ራሱ ትኬት ሲሸጥ የሚያቀርበው ደግሞ በዚህ መልክ ለተሰረዘ ጉዞ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ይሰጣል፤ የሕክምና ጣሪያውም 10,000 ወይም 25,000 ዶላር ላይ የሚቆም አለ። የክሬዲት ካርዶች ሽፋን ባመዛኙ ለትኬቱ ነው፤ ሕክምናው ላይ ስስ ናቸው።

የማውጣቱን ሥራ በተመለከተ ዕድሩ አሁንም ይጠቅመናል። ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ራሱ ያመጣል። ከገበያ ድንኳን ተከራይቶ ደረሰኙን ለዕድሩ ዳኛ የሚያቀርብ ሰው ይሳቅበታል። የሕክምና ማጓጓዣም እንዲሁ ነው፦ ፖሊሲው ላይ በተጻፈው የ24 ሰዓት ስልክ መጀመሪያ ይደወላል፣ አውሮፕላኑን፣ ነርሱንና ተቀባዩን ሆስፒታል የሚያዘጋጀው ኩባንያው ነው። ቤተሰብ በድንጋጤ የራሱን አውሮፕላን ተከራይቶ «ክፈሉኝ» ቢል ላይከፈለው ይችላል። መድረሻውም «ብቁ ሕክምና ያለበት ቅርብ ቦታ» ነው እንጂ የቤታችሁ ጎረቤት ሆስፒታል አይደለም። ምሳሌው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ ዕድር ያውቃችኋል፣ ኩባንያው ግን የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ወረቀት ከተነሳ፣ ሰነድ ጎድሎ ከመሳፈር መከልከል አይሸፈንም። የአሜሪካ ዜጋ ከአንድ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይችላል። ናሶ ላይ ሆስፒታል ገብቶ በአውሮፕላን መመለስ ቢኖርበት ግን ፓስፖርት ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ይያዝ። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም ፓስፖርቱንም ይያዝ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የየወደቡን ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ቀብድ ሳይከፍል ያጣራ። ለጉብኝት የመጡ ወላጆች ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ናሶ መንካት መውጣት ስለሆነ፣ ስለ መመለሳቸው የስደተኞች ሕግ ጠበቃ ሳይጠየቅ ትኬት አይቆረጥ። ለአሜሪካ ነዋሪ የሚሸጠው ፖሊሲም ለእነሱ ላይሠራ ይችላል፤ ነዋሪነታቸውን በትክክል ሞልታችሁ ግዙ።

እንግዲህ ለሦስት ሌሊት ምን ይገዛ? የጉዞ ወጪ በሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ሙሉ። ብዙ ኩባንያዎች ይቀበሉታል፤ አረቦኑም የመሰረዙ ክፍል ስለወጣ በእጅጉ ይወርዳል። ሕክምናው ቢያንስ 100,000፣ ማጓጓዣው 250,000 ዶላር ይሁን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ዜሮ ስትሞሉ ዌቨሩ በአንዳንድ ኩባንያ ዘንድ ይቀራል። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው የማይመለሰውን ወጪ በሙሉ አስመዝግቦ በጊዜ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ለ650 ዶላር የአረቦኑ ልዩነት ትንሽ ነው። ከተገዛ በኋላም ከ10 እስከ 15 ቀን ድረስ አንብቦ፣ ካልተስማማ መልሶ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። አውሮፕላን ለሚሳፈር ከሁሉ የሚረክሰው ኢንሹራንስ ግን ከዋዜማው ማያሚ ገብቶ ማደር ነው፤ መርከቡ አይጠብቅም።

የምትሰርዙ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁና «መጓዝ አይችልም» ብሎ ይጻፍ፣ ከዚያ ሰርዙ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። መርከብ ላይ ከታከማችሁ ደግሞ ዝርዝር ሒሳቡን፣ የሐኪሙን ሪፖርትና የክፍያውን ማረጋገጫ ሳትወርዱ ተቀበሉ፤ በኋላ በኢሜይል ማስላኩ ሳምንታት ይፈጃል፣ ብዙ ፖሊሲዎችም ማስረጃውን በ90 ቀን ውስጥ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሁሉም ለመውረድ ስለሚጣደፍ ክሊኒኩ ጋ ዋዜማውን ማታ ሂዱ።