የሳይንስ ትምህርት በመሀል አዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳና መርካቶ ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ሳይንስን ሁለት ጊዜ ይማሩታል ማለት ይቻላል፤ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ። መጽሐፉም የትምህርቱም ስም በየሥርዓቱ ሲለዋወጥ፣ ይህ መሻገሪያ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አንጋፋው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ያስተምሩ የነበሩት ከግብፅ የመጡ የኮፕት መምህራን ሲሆኑ፣ ዋናው ትምህርት ቋንቋ ነበር። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በደርግ ዘመን ሳይንስ ከምርትና ከፖለቲካ ንቃት ጋር በአንድ መፈክር ታስሮ ይነገር ነበር።

ስለ 1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ብዙ ማለት ይቻላል፤ በእሱ የተዘጋጁት መጻሕፍት ዛሬም በየቤቱ መደርደሪያ አሉ። በዚህ ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚሰጠው «አካባቢ ሳይንስ» ነበር። ቤተሰብ፣ የሰውነት ክፍሎች፣ ውሃ፣ አየርና ዕፅዋት በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለው፣ አንድ መምህር ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ያስተምራቸዋል፤ መምህራኑ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የሚሉት አሠራር ነው። 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ «የተቀናጀ ሳይንስ» ይመጣል፤ 7ኛ ላይ ደግሞ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይለያያሉ።

የእነዚህ መጻሕፍት ትልቁ ሀብት ቃላቸው ነው። ከግእዝና ከአማርኛ ሥር ተቀድተው የተሠሩት ስሞች ራሳቸው ያስተምራሉ። ነፍሳት «ሦስት አፅቄ» የተባሉት አካላቸው በሦስት ስለሚከፈል ነው፤ ያንን ስም የያዘ ልጅ ስምንት እግር ያላትን ሸረሪት ከጉንዳን ጋር ለመመደብ ቆም ብሎ ያስባል። የጀርባ አጥንት ያላቸው «ደንደሴ»፣ የሌላቸው «ኢ-ደንደሴ» ናቸው። እባብና እንሽላሊት «ገበሎ አስተኔ» ይባላሉ። ተክል በፀሐይ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ሂደት «ብርሃን አስተፃምሮ» ነው። ቃላቱ ለሕፃን ይከብዳሉ የሚሉ አሉ፤ እውነት ለመናገር «ፎቶሲንተሲስ»ም የሚቀል አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው በመሻገሪያው ላይ ነው። ብርሃን አስተፃምሮን ሰኔ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ፣ መስከረም ላይ በሌላ ስም ሲያገኘው አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሳይንስን ከታችኛው ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሚያስተምሩ ይህ ድንጋጤ በእነሱ ዘንድ ቀለል ሊል ይችላል። ነገሩ መግባቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ እስከ 8ኛ ክፍል ማዝለቃቸውም የሚጠቀስ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፣ መካከለኛውን 7ኛና 8ኛ አድርጓል። አካባቢ ሳይንስ እስከ 6ኛ ሲዘልቅ፣ ሦስቱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ትምህርቶች «ጀነራል ሳይንስ» ሆነው ተጠቃለዋል።

ተግባራዊ ትምህርቱ ባብዛኛው የሚቆመው በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ላይ ነው፤ መምህራን ከወዳደቀ ዕቃ መርጃ መሣሪያ የሚሠሩበት ክፍል ማለት ነው። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ውስጡ ፊኛ፣ ታቹ ላይ የተወጠረ ሌላ ፊኛ፤ የታችኛው ሲሳብ የውስጡ ይነፋል፤ ሳንባ ማለት ይኸው ነው። ማግኔት ከምናለሽ ተራ ከሚገኝ የተበላሸ ስፒከር ይወጣል። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ያላበቀለ የከተማ ልጅ ደግሞ የለም።

መጽሐፉ ግን አዲስ አበባን የሚረሳበት ጊዜ አለ። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል ይላል። አራት ኪሎ ላይ ድስት ጥዶ ቴርሞሜትር የነከረ መምህር፣ ውሃው እየተንተከተከ መስመሩ 92 አካባቢ ሲቆም ያያል፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨምር ንቅንቅ አይልም። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ እሳት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሳጥኑ ሲመለስ አይቻለሁ። የዕለቱ ምርጥ ትምህርት አብሮት ተቆለፈ።

ከግቢ ውጭ መሀል ከተማው የታደለ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ አምስት ኪሎ በብሔራዊ ሙዚየም ትጎበኛለች፤ ልጆቹ የሚያዩት ቅጂዋን ነው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው አጥንት በካዝና ይጠበቃል። ከዚያ ወደ ላይ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ ወደ ታች በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ የእንስሳት ሙዚየም አለ። በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ከሁሉም አዲሱ ነው።

ሰማዩን በተመለከተ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ዝግ ነበሩ። በየዓመቱ የሚደገም ሌላ ነገር ግን አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን በቀጥታ አናቷ ላይ ትሆናለች። የመጀመሪያው በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት፣ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በሜዳው መሀል የተተከለ ዱላ ለጥቂት ደቂቃ ጥላው ይጠፋል። ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና።