ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ የሚነገረው የጡንቻ ነጥብ ምን ማለት ነው?

«የጡንቻው ነጥብ 46 ነው» የተባለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ 46 በመቶ ይመስለውና ይደነግጣል። የጡንቻን ጉልበት የሚለካው ይህ ነጥብ ግን የሚቆጠረው ከ60 ነው።

በቀኝም በግራም ስድስት እንቅስቃሴዎች ይፈተናሉ፦ ክንድን ወደ ጎን ማንሳት፣ ክርንን ማጠፍ፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ መቀልበስ፣ ጭንን ማንሳት፣ ጉልበትን መዘርጋት፣ እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ መሳብ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። 3 ማለት እጁን ወይም እግሩን ያነሳል፣ በትንሹ ሲጫኑት ግን መቋቋም ያቅተዋል ማለት ነው፤ 5 ሙሉ ጉልበት ነው። የሁሉም ድምር ከ48 በታች ሲሆን በጽኑ ሕክምና ላይ እያሉ የሚመጣ የጡንቻ ድክመት ይባላል። አሥራ ሁለቱም 4 ቢያገኙ 48 ይሞላል፤ አንዱ ብቻ ወደ 3 ቢወርድ 47 ነውና ድክመት ተብሎ ይመዘገባል።

ብዙ የሚያሳስተው በማስተኛ መድኃኒት ላይ ያለን ሰው መለካት ነው። «ዓይንህን ክፈት፣ ምላስህን አውጣ» ሲባል የማይታዘዝ ሕመምተኛ እጁ ስላልተንቀሳቀሰ 0 ሊሰጠው አይገባም። ነቅቶ እስኪታዘዝ ይጠበቃል።

በጽኑ ሕሙማን ላይ ጡንቻ በፍጥነት እንደሚመነምን የታወቀ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የፊት ጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ አግኝቷል። ድክመቱ ያለባቸው ሕሙማን ከመተንፈሻ መሣሪያ ለመላቀቅ ይዘገያሉ፤ ከመካከላቸው የሚሞቱትም ይበዛሉ። ከሰው ሰው የሚለያየው ማገገሙ ነው፦ አንዱ በሳምንታት ይቆማል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ 46 የተባለ ሰው አይድንም ማለት አይደለም።